በጦሳ ላይ የሚያዘቀዝቀው ቀይ ኮከብ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም መልስ የሰጠንባቸው ጥያቄዎች በሙሉ የተላኩልን ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲሆን፣ ሁሉም ስለ ከዋክብት ልደት፣ ለውጥና ሞት የሚጠይቁ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተናል። ተመሳሳይ ጥያቄ የላኩ አንባቢያን መልሳቸውን ከሌላው ሰው ጥያቄ ሥር ያገኙታል።

ጥያቄ፦ በደሴ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኮከብ ከጋዝና ከአቧራ ደመና ይወለዳል ተብለን ተምረናል። ደመናው ግን እጅግ ቀዝቃዛ ነው ይባላል። ቀዝቃዛ ነገር በራሱ እንዴት ይግላል? ማን ይለኩሰዋል?

መልስ፦ በከዋክብት መካከል ያለው ሕዋ ባዶ ቢመስልም ጋዝና ደቃቅ አቧራ ተበትኖበታል። ይህ ጋዝ በክብደት ሲለካ ሦስት አራተኛው ያህል ሃይድሮጅን፣ ከቀሪው አብዛኛው ደግሞ ሂሊየም ነው። ጋዙ ጥቅጥቅ ብሎ በተከማቸባቸው ስፍራዎች የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይደርሳል። ግራ ያጋባህ ይህ ቅዝቃዜ ነው፤ ይሁን እንጂ ኮከብ እንዲወለድ የሚያስችለው እርሱው ነው። የሞቀ ጋዝ ቅንጣቶቹ በፍጥነት ስለሚራወጡ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ይበተናልም፤ የቀዘቀዘ ጋዝ ግን ግፊቱ ስለሚደክም የገዛ ራሱ ስበት ያሸንፈውና ወደ መሐል መውደቅ ይጀምራል።

ለኳሽ አያስፈልገውም። ወደ መሐል የሚወድቅ ጋዝ ይታመቃል፣ ሲታመቅም ይሞቃል፤ መሐሉ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የሃይድሮጅን አስኳሎች (የአቶሞቹ እምብርቶች) እየተጋጩ ወደ ሂሊየም መዋሐድ ይጀምራሉ። ኮከብ ተወለደ የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው። ፀሐያችን ከደመናነት ተነሥታ እዚህ ደረጃ ለመድረስ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት ወስዶባታል፤ በዙሪያዋ እየተሽከረከረ ከቀረው ጋዝና አቧራም ምድርና ሌሎቹ ፕላኔቶች ተገኙ። ዛሬ በፀሐይ ማዕከል የሙቀቱ መጠን 15 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ይለወጣል። ከዚህ ውስጥ 4 ሚሊዮን ቶን የሚሆነው ቁስ ሂሊየም ሳይሆን ኃይል ሆኖ ይወጣል፤ በቀን የሚያሞቀን እርሱ ነው። ይህ ኃይል ወደ ውጭ የሚገፋው ግፊት ወደ ውስጥ ከሚስበው ስበት ጋር እኩል ሆኖ እስከቆየ ድረስ ኮከቡ አይወድቅም፣ አይበተንምም። ከዚህ በታች የምትመለከታቸው መልሶች ሁሉ ይህ ሚዛን በየኮከቡ መቼና እንዴት እንደሚፈርስ የሚናገሩ ናቸው።

የከዋክብት መወለጃ ደመና ከደሴም ይታያል። በጥር ወር ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ወደ ምሥራቅ ዞረህ ቀና ብትል ሦስት ተቀራራቢ ብርሃን ያላቸው ከዋክብት በቀጥታ መስመር ተሰድረው ታገኛለህ፤ የኦሪዮን መቀነት የሚባሉት ናቸው። ከመቀነቱ በስተደቡብ በኩል፣ ከከተማው መብራት ወጣ ካልህ፣ ጭጋግ መሳይ ደብዛዛ ነጥብ አለ። ተራ ባይኖኩላር ካገኘህ ጭጋጉ ሰፋ ብሎ፣ በመሐሉም ጥቃቅን ከዋክብት ተሰብስበው ይታዩሃል። ያ ከእኛ 1,350 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀው የኦሪዮን ኔቡላ ነው፤ አንድ የብርሃን ዓመት ወደ 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። በውስጡ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ በከዋክብት ዕድሜ ገና ሕፃናት የሆኑ ከዋክብት አሉ፤ አንዳንዶቹም ፕላኔት ሊሆን የሚችለው የአቧራ ዝርግ እስካሁን ከብቧቸዋል።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ብረት ሲግል መጀመሪያ ደብዘዝ ያለ ቀይ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ በጣም ሲሞቅ ደግሞ ወደ ነጭ ይለወጣል። የከዋክብት ቀለም የሚለያየውም በዚሁ ምክንያት ነው? ልጄ ደግሞ ብረት ራሱ ከኮከብ የመጣ ነው አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው፤ የልጅዎ ግን ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል።

ከቀለሙ እንጀምር። እርስዎ በየቀኑ በጋለው ብረት ላይ የሚያዩት ሕግ በከዋክብትም ላይ ይሠራል። ከኦሪዮን መቀነት በስተሰሜን የሚታየው ቀዩ ቤቴልጁስ የገጹ ሙቀት 3,300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ ፀሐይ 5,500 ያህል ነች፤ ከመቀነቱ በስተደቡብ የሚገኘው ሰማያዊ የሚመስለው ሪጅል ደግሞ ወደ 12,000 ይጠጋል። ብረት ሰማያዊ ሆኖ ከመጋሉ በፊት ቀልጦ ስለሚተን ያንን ቀለም በፋብሪካ ሊያዩት አይችሉም።

የገጹ ሙቀት የሚነግረን የኮከቡን የአሁን ሁኔታ ነው። ዕጣውን የሚወስነው ግን ሲወለድ የያዘው የቁስ መጠን ነው፤ ከዚህ ዓምድ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚቀሩ ከሆነ ይህን እንዲይዙ እወዳለሁ። የፀሐይን 20 እጥፍ ክብደት ይዞ የተወለደ ኮከብ ነዳጁ 20 እጥፍ ነው፤ የሚያወጣው ብርሃን ግን ከፀሐይ በአሥር ሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ከባድ ኮከብ መሐሉ በስበት አጥብቆ ስለሚጨመቅ ይበልጥ ይሞቃል፤ ውሕደቱም በሙቀት እጅግ ይፋጠናል። ስለዚህ ፀሐይ 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል ስትኖር እንዲህ ያለው ኮከብ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ይኖራል። በተቃራኒው ከፀሐይ አንድ አሥረኛ ብቻ የሚመዝኑት ቀይ ድንክ ከዋክብት ነዳጃቸውን በቁጠባ እየተጠቀሙ ትሪሊዮን ዓመታትን ያስቆጥራሉ፤ ጽንፈ ዓለሙ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ብቻ ስለሆነው አንዳቸውም በእርጅና አልሞቱም።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ከባድ ኮከብ በማዕከሉ ያለውን ሃይድሮጅን ሲጨርስ መሐሉ እንደገና ይጨመቃል፣ ይሞቃል፣ ሂሊየሙም ወደ ካርቦንና ኦክስጅን መዋሐድ ይጀምራል። ሂሊየም ሲያልቅ ካርቦን፣ ከዚያ ኒዮን፣ ኦክስጅን፣ በመጨረሻም ሲሊከን ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከፀሐይ 25 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ሃይድሮጅኑን ለመጨረስ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲፈጅበት፣ ካርቦኑን በጥቂት መቶ ዓመታት፣ ሲሊከኑን ግን በአንድ ቀን ገደማ ይጨርሳል። ሲሊከኑ ሲያልቅ በመሐሉ የሚቀረው ብረትና የብረት ዘመዶች ናቸው።

እዚህ ላይ ኮከቡ ማለፊያ የሌለው ግድግዳ ላይ ይደርሳል። እስከ ብረት ድረስ አስኳሎች ሲዋሐዱ ኃይል ይሰጣሉ፤ ብረትን ለማዋሐድ ግን ኃይል መክፈል ያስፈልጋል። የብረቱ እምብርት ከፀሐይ ክብደት 1.4 እጥፍ ገደማ ሲያልፍ ምድርን የሚያህለው ኳስ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ ራሱ ይናዳል፤ ከከተማ ወደ ከተማ የሚደርስ፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ የሚበቃው፣ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የኒውትሮን ኮከብ፣ ማለትም በአብዛኛው ኒውትሮን በሚባሉ የአቶም ቅንጣቶች የታጨቀ ኳስ፣ ይሆናል። የውጪው ክፍል በፍንዳታ ይበተናል፤ ሱፐርኖቫ የሚባለው ይህ ነው። ኮከቡ ከመጠን በላይ ከባድ ከሆነ ደግሞ እምብርቱ የኒውትሮን ኮከብ ሆኖ መቆም አቅቶት ብርሃን እንኳ ወደማያመልጥበት ጥቁር ጉድጓድ ይለወጣል።

ልጅዎ የነገረዎት ማብራሪያ የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው። በእምብርቱ የተከማቸው ብረት ወደ ውጭ አልወጣም፤ ተጨፍልቆ በኒውትሮን ኮከቡ ውስጥ ቀርቷል። እርስዎ የሚሠሩበት ብረት አብዛኛው የተፈጠረው በፍንዳታው ሰዓት ነው። የፍንዳታው ማዕበል ሲሊከንና ኦክስጅን ባለበት ክፍል ሲያልፍ በብዛት ኒኬል ይፈጥራል፤ ይህ ኒኬል የማይረጋ ስለሆነ በቀናት ውስጥ ወደ ኮባልት፣ ኮባልቱም በወራት ውስጥ ወደ ብረት ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1987 በታየው ሱፐርኖቫ እንዲህ የተገኘው ብረት 0.07 የፀሐይ ክብደት ያህል እንደነበር ተለክቷል፤ ይህ ከ20 ሺህ በላይ ምድሮችን የሚመዝን ብረት ነው። ሌላም፣ በብረት አምራችነቱ የሚበልጥ፣ የፍንዳታ ዓይነት አለ፦ ነጭ ድንክ የሚባል የሞተ ኮከብ ከጎኑ ካለ ኮከብ ጋዝ እየሳበ ክብደቱ ከልኩ ሲያልፍ ካርቦኑ በአንድ ጊዜ ተዋሕዶ ሙሉ በሙሉ ይፈነዳል፤ ከአንዱ ፍንዳታም የፀሐይን ግማሽ የሚያህል ብረት ሊወጣ ይችላል። ይህ ሁሉ ብረት ከጋዙ ጋር ተቀላቅሎ በኋላ በተወለዱት ከዋክብትና ፕላኔቶች ውስጥ ገባ። ፀሐይና ምድር ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት ሲፈጠሩ ደመናው በብዙ ትውልድ ፍንዳታዎች በልጽጎ ነበር።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ የገፋ የሸዋ በር ነዋሪ ነኝ። በልጅነታችን ኮከብ ሲወድቅ ሰው ሞተ ይባል ነበር። አፄ ዮሐንስም ደሴን የቆረቆሩት ጅራታም ኮከብ አይተው ነው ይባላል። እነዚህ የሚሞቱ ከዋክብት ናቸው?

መልስ፦ አባታችን፣ ሁለቱም ከዋክብት አይደሉም። ወድቆ የሚጠፋው ብልጭታ ብዙ ጊዜ ከጠጠር የማይበልጥ ድንጋይ ወይም አቧራ በከፍተኛ ፍጥነት ወደ አየራችን ሲገባ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ጋይቶ የሚያልቅ ነው፤ በሰማይ ካሉት ከዋክብት አንዱም አይጎድልም። ጅራታሙ ደግሞ በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር የበረዶና የአቧራ ክምር ሲሆን፣ ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው እየተነነ ጅራት ያወጣል። ስለ ከተማችን የሚነገረው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1882 ነው ይባላል፤ በዚያው ዓመት መስከረም፣ በእኛ አቆጣጠር በ1875 መባቻ፣ በቀን ብርሃን ከፀሐይ አጠገብ ሳይቀር የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ እንደነበረ በዓለም ዙሪያ ተመዝግቧል።

ጥያቄ፦ በሚያዝያ ወር ማታ ማታ ወደ ጦሳ ተራራ ሲያዘቀዝቅ የምናየው ቀይ ኮከብ ሊፈነዳ ነው የሚል ወሬ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰምቼ ነበር። ቢፈነዳ ይጎዳናል?

መልስ፦ ኮከቡ ቀደም ሲል የጠቀስነው ቤቴልጁስ ነው። ዕድሜው 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ቢሆንም በከባድነቱ ምክንያት አርጅቷል፤ በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ ገጹ ከማርስ ምሕዋር አልፎ ይሄዳል። ወሬው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ ብርሃኑ በግልጽ ስለቀነሰ ነው። በኋላ እንደተደረሰበት ኮከቡ ከራሱ የተፋው ጋዝ ቀዝቅዞ አቧራ በመሆኑ ከእኛ በኩል ያለውን ገጹን በከፊል ጋርዶት ነበር፤ በወራት ውስጥም ወደ ቀድሞ ብርሃኑ ተመልሷል። መፈንዳቱ አይቀርም፤ ጊዜው ግን በ100 ሺህ ዓመታት ልክ የሚታሰብ ነው። ከ500 የብርሃን ዓመት በላይ ስለሚርቅ ፍንዳታው አይጎዳንም። የሚታየው ግን ብርቱ ብርሃን ነው፤ ለሳምንታት በቀን ሰማይ የሚታይ፣ በሌሊትም ጥላ የሚያጠላ ኮከብ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ነገር ታይቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1054 የቻይና ሰማይ ተመልካቾች በቀን ለ23 ቀናት የታየ እንግዳ ኮከብ መዝግበዋል፤ በዚያ ቦታ ዛሬ እየሰፋ የሚሄድ የጋዝ ደመናና በመሐሉ በሰከንድ 30 ጊዜ የሚሽከረከር የኒውትሮን ኮከብ አለ። በእኛው ጋላክሲ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ በዓይን በግልጽ የታየው የመጨረሻው ሱፐርኖቫ የ1604ቱ ነው፤ ቴሌስኮፕ ወደ ሰማይ የተቀሰረው ከዚያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሆኑ ሁልጊዜ ያስቆጨኛል።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የምኖር እናት ነኝ። የስምንት ዓመት ልጄ ፀሐይ ትሞታለች የሚል ነገር ሰምታ መተኛት አቃታት። ምን ልበላት?

መልስ፦ እህታችን፣ ለልጅዎ በሙሉ ልብ ሊነግሯት የሚችሉት ፀሐይ ገና የዕድሜዋ አጋማሽ ላይ መሆኗን ነው። 4.6 ቢሊዮን ዓመት ኖራለች፤ በማዕከሏ ያለው ሃይድሮጅንም ለ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይበቃታል። ልጅዎ፣ የልጅዎ ልጆች፣ የእነርሱም ልጆች ይህ ለውጥ አይደርስባቸውም። ፀሐይ ለሱፐርኖቫ የሚያበቃ ክብደት ስለሌላትም አትፈነዳም።

ለእርስዎ ዝርዝሩን እጨምራለሁ። የፀሐይ ብርሃን በየቢሊዮን ዓመቱ በ10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ምድር ለሕይወት የማትመች የምትሆነው ፀሐይ ከመሞቷ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በኋላ ነዳጇ ሲያልቅ ከአሁኑ ከ100 እጥፍ በላይ ሰፍታ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ትሆናለች፤ ሜርኩሪንና ቬነስን ትውጣለች፤ የምድር ዕጣ ግን እስካሁን ያከራክራል። በመጨረሻም የውጪ ሽፋኗን ቀስ በቀስ ለሕዋ ትሰጥና ምድርን የሚያህል ነጭ ድንክ ሆና ትቀራለች። ነጭ ድንክ ነዳጅ የለውም፤ ትኩስነቱን ይዞ ለቢሊዮን ዓመታት እየቀዘቀዘ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ኮከብ በሰማይ ላይ እጅግ ብሩህ በሆነው በሲሪየስ ጎን አለ። ጀርመናዊው ቤሰል እ.ኤ.አ. በ1844 ሲሪየስ በማይታይ ነገር እየተሳበ እንደሚወዛወዝ ከእንቅስቃሴው ተረዳ፤ አሜሪካዊው አልቫን ግራሃም ክላርክ ደግሞ በ1862 አዲስ ቴሌስኮፕ ሲሞክር ያንን ደብዛዛ ጓደኛ አየው። ክብደቱ የፀሐይን ያህል፣ ስፋቱ የምድርን ያህል ነው፤ 1 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል።

ጥያቄ፦ በደሴ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ "ቢሊዮን ዓመት የኖረ ሰው በሌለበት ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ?" ብለው ይሞግቱኛል። አጥጋቢ መልስ ይስጡኝ።

መልስ፦ መምህር፣ ሙግቱ ተገቢ ነውና በሦስት መንገድ ሊመልሱላቸው ይችላሉ።

አንደኛው በአንድ ጊዜ አብረው የተወለዱ የከዋክብት ስብስቦችን ማወዳደር ነው። ተማሪዎችዎ በዓይናቸው የሚያውቋቸው ሰባቱ ከዋክብት ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት ስለሆናቸው ሰማያዊና ከባድ ከዋክብት ገና በመካከላቸው አሉ። 12 ቢሊዮን ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ጥንታዊ ስብስቦች ውስጥ ግን እንዲህ ያሉት ከባድ ከዋክብት ከረጅም ጊዜ በፊት አልቀው ቀይ ግዙፎች፣ ነጭ ድንኮችና ክብደታቸው አነስ ያለ ከዋክብት ብቻ ይታያሉ። ከባዱ ቀድሞ ይሞታል የሚለው ሕግ በእያንዳንዱ ስብስብ ላይ ይፈተናል፤ እስካሁንም ጸንቷል።

ሁለተኛው የብርሃን ትንተና ነው። የኮከብ ብርሃን በፕሪዝም ሲበተን የሚታዩት ጥቁር መስመሮች በገጹ ላይ ምን ዓይነት ንጥረ ነገር እንዳለ ይናገራሉ። ሴሲሊያ ፔይን የተባለች ወጣት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1925 በዶክትሬት ጽሑፏ ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን መሆናቸውን በስሌት አሳየች። የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ውጤቱን ስላልተቀበለው በራሷ ጽሑፍ ላይ "በእርግጠኝነት ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ እውነት አይደለም" የሚል ሐሳብ ለመጨመር ተገደደች፤ እርሱ ራሱ ከአራት ዓመት በኋላ በሌላ መንገድ እዚያው ደርሶ ትክክል መሆኗን መሰከረ። ተማሪዎችዎ ከቁጥሮቹ በፊት ይህን ታሪክ ቢሰሙ እመኛለሁ። የከዋክብት ነዳጅ ሃይድሮጅን መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው ሃንስ ቤተ በ1939 ውሕደቱ በዝርዝር እንዴት እንደሚካሄድ ማስላት የቻለው።

ሦስተኛውና እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ከኮከብ እምብርት በቀጥታ የሚመጣው ምስክርነት ነው። ውሕደትም ሆነ የእምብርት መናድ ኒውትሪኖ የሚባሉ፣ ቁስን ሳይነኩ ለማለፍ የተቃረቡ ቅንጣቶችን ያወጣሉ። የካቲት 16 ቀን 1979 (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1987) በጃፓን፣ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት ከምድር በታች የተተከሉ መሣሪያዎች በሰከንዶች ውስጥ በድምሩ 25 ያህል ኒውትሪኖዎችን መዘገቡ። ከሰዓታት በኋላ ከፍኖተ ሐሊብ አጠገብ ባለች፣ 168 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ በምትርቅ ትንሽ ጋላክሲ ውስጥ አዲስ ብርሃን ታየ። ስፍራው ከደሴ ሲታይ ከደቡቡ አድማስ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ስለሚል በተራሮቻችን ተጋርዶ ብዙ ሰው አላስተዋለው ይሆናል። የፈነዳው ኮከብ ቀድሞ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የነበረ ሰማያዊ ግዙፍ መሆኑ ተረጋገጠ፤ የኒውትሪኖዎቹ ብዛት፣ ኃይልና ከብርሃኑ ቀድመው መድረሳቸው ከብረቱ እምብርት መናድ ስሌት ጋር ተስማማ። የቀረው ጥያቄ የኒውትሮን ኮከቡ የት ገባ የሚለው ነበር፤ አቧራው ጋርዶት ለአሥርተ ዓመታት ሳይገኝ ቆይቶ፣ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በፍርስራሹ መሐል ያለው የአርገንና የሰልፈር ጋዝ በብርቱ ጨረር እየተመታ መሆኑን አየ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው ጥናት መሠረትም ለዚህ ጨረር ተስማሚው ምንጭ አዲስ የተወለደ የኒውትሮን ኮከብ ነው።